ሜስ፣ ሜሲ፣ ሚድ፦ ዘመዳሞች ናቸው ወይስ ሞክሼዎች?

ሄልሲንኪ_ብርዱ

ሰላም ለዚህ ቤት። ብዙ ጊዜ አንብቤ ዝም ብዬ ነው የምሄደው። ዛሬ ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል።

የምሠራው ፊንላንድ ውስጥ መጋዘን ነው። ባለፈው ሳምንት በቡና እረፍት ላይ፣ ጡረታ ለመውጣት ትንሽ የቀራቸው አንድ ባልደረባዬ ስለ ድብ ያወሩልኝ ጀመር። የድሮ ሰዎች ጫካ ገብተው የድብን ስም አይጠሩም ነበር አሉኝ። ስሙን ከጠራኸው ይሰማል፣ ከሰማ ይመጣል። ስለዚህ «ሜሲካመን» ይሉታል። «ካመን» መዳፍ ነው። «ሜሲስ?» አልኳቸው። «ማር» አሉኝ። ባለ ማር መዳፉ ማለት ነው።

ሲኒው እጄ ላይ ቀረ። ለምን ብትሉ፣ ጎረቤቴ የመቐለ ልጅ ናት። በዓል በመጣ ቁጥር ጠጅ ትጥላለች። እሷ ግን ጠጅ አትለውም፤ «ሜስ» ነው የምትለው። ማታ በሯን አንኳኩቼ ነገርኳት። ሳቀችና «በቃ ከእኛ ወስደውት ነው» ብላ ዘጋችው።

እኔ ግን አላረፍኩም። ስልኬን ይዤ ስጎረጉር አመሸሁ። እንግሊዞች የማር ጠጅን «ሚድ» ይላሉ። ራሽያ ማር «ምዮድ» ነው። ሃንጋሪ «ሜዝ»። ቻይና «ሚ»። ጃፓን «ሚትሱ»። የኛው «ማር»ም በ«መ» ቤት ነው። ይሄ ሁሉ እንዲሁ ገጠመ? የምታውቁ ካላችሁ አስረዱኝ።

ጉሽ_ይሻላል

እኔ የማውቀው ከሦስተኛው ብርሌ በኋላ ሁሉም ቋንቋ አንድ እንደሚሆን ነው። ቀጥሉ፣ ቁጭ ብያለሁ።

ቃል_ቆፋሪ

ሄልሲንኪ፣ ጥያቄህ ግሩም ነው። ግን ጤፉንም ስንዴውንም አንድ ስልቻ ውስጥ ከተኸዋል። እስቲ እንለየው።

መጀመሪያ ክርክር የሌለበትን ላንሳ። የእንግሊዝኛው «ሚድ»፣ የጀርመንኛው «ሜት»፣ የስዊድንኛው «ምዮድ»፣ የራሽያኛው «ምዮድ»፣ የሊቱዌንኛው «ሜዱስ»፣ የጥንት አይርላንድኛው «ሚድ»፣ የጥንቱ የሕንድ ቋንቋ የሳንስክሪት «ማድሁ»፣ የጥንት ግሪኩ «ሜትሁ»። እነዚህ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። የእናትየዋ ቅርጽ እንዲህ ይጻፋል፦ *ሜድሁ። «ድህ» አንድ ድምፅ ናት፤ «ድ»ን ከትንፋሽ ጋር ገፋ አድርጎ ማለት ነው። ሕንዶች ሲናገሩ ሰምታችሁ ከሆነ እሷው ናት።

ከፊቷ ያለችው ኮከብ ጌጥ አይደለችም። «ይህን ቃል ጽፎት የተገኘ ሰው የለም፤ ከልጆቹ ተነስተን የደረስንበት ነው» ማለት ነው። ቋንቋውን ምሁራን ጥንተ ኢንዶ-አውሮፓዊ ይሉታል። አብዛኞቹ ተናጋሪዎቹን የዛሬ አምስትና ስድስት ሺሕ ዓመት ገደማ፣ ከጥቁር ባሕርና ከካስፒያን በስተሰሜን ባለው ሰፊ የሣር ሜዳ ላይ ያስቀምጧቸዋል። ጽሕፈት አልነበራቸውም። ማር ግን ነበራቸው፤ ከማሩም የሚጠጣ ነገር ይሠሩ ነበር።

ልጆቹ ትርጉሙን ተካፍለውታል። ሊቱዌናዊው ማሩን ይዞ ቀረ። እንግሊዛዊው መጠጡን ብቻ ያዘ። ራሽያዊው ሁለቱንም አልለቀቀም። ሳንስክሪት ላይ ማርም ነው፣ ማንኛውም ጣፋጭ ነገርም ነው፣ የሚያሰክር መጠጥም ነው። ግሪኮቹ ደግሞ ወይን የሞላበት አገር ገቡና ቃሉን ለወይን ሰጡት። ለማር ሌላ ቃል ነበራቸው፤ እሱን በኋላ አመጣዋለሁ፣ አስታውሱኝ።

አሁን ዋናው ነገር። እነዚህ ዘመዳሞች ናቸው የተባለው ስለሚመሳሰሉ አይደለም። መመሳሰል ያታልላል። ማስረጃው ልዩነታቸው ሥርዓት ያለው መሆኑ ነው። ሳንስክሪት «ድህ» ባለበት ቦታ ግሪክ «ትህ» ይላል፤ እንግሊዝኛ፣ ራሽያኛና ሊቱዌንኛ ተራ «ድ» ይላሉ። በአንድ ቃል ብቻ ቢሆን አጋጣሚ ነው ትላለህ። ግን ሌላ ቃል ውሰድ፣ «ቀይ»ን። ሳንስክሪት «ሩድሂራ»፣ ግሪክ «ኤሩትህሮስ»፣ እንግሊዝኛ «ሬድ»፣ ሊቱዌንኛ «ራውዶናስ»። አየህ? ያው «ድህ»፣ ያው «ትህ»፣ ያው «ድ»። ሕጉ በማርም በቀይም እኩል ይሠራል።

የግሪኩን «ኤሩትህሮስ» ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። ቀይ ባሕርን ግሪኮች «ኤሩትህራ ታላሳ» ይሉት ነበር። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1890 ቅኝ ግዛቷን ስትሰይም ከዚያ ወስዳ ነው «ኤሪትሪያ» ያለችው።

ሳባ_ዘምጽዋ

ቆይ ቆይ። የአገሬ ስምና የእንግሊዝኛው «ሬድ» ዘመዳሞች ናቸው እያልከኝ ነው? ይሄን ለአባቴ ብነግረው ጋቢውን ጥሎ ይነሳል።

ቃል_ቆፋሪ

ሥሩ አንድ ነው ሳባ። አባትሽን በቀስታ ንገሪያቸው።

ሄልሲንኪ_ብርዱ

ይሄ ገብቶኛል። የፊንላንዱ «ሜሲ»ስ? «ስ» ነው ያለው፣ «ድ» አይደለም። ዝርዝርህ ውስጥም አላስገባኸውም።

ቃል_ቆፋሪ

ሆን ብዬ ነው የተውኩት። ፊንላንድኛ ከዚህ ቤተሰብ አይደለም። የኡራል ቤተሰብ ነው፤ ሃንጋሪኛም እንደዚሁ። ለእነሱ ይህ ቃል ልጅ ሳይሆን የጉዲፈቻ ልጅ ነው። ከሺሕ ዓመታት በፊት ከኢንዶ-አውሮፓ ጎረቤቶቻቸው ወሰዱት፤ ያኔ «ሜቴ» የሚመስል ቅርጽ ነበረው። የራሳቸው «ድህ» ስላልነበራቸው በ«ት» ተቀበሉት። ቆይቶ ፊንላንድኛ የቃል መጨረሻ «ኤ»ን ወደ «ኢ» ለወጠ፤ ሜቴ «ሜቲ» ሆነ። ከዚያ «ቲ»ን ወደ «ሲ» ለወጠ፤ ሜቲ «ሜሲ» ሆነ።

ይሄን ተረት ነው ካልክ ነገ ሥራ ቦታ ፈትነው። ባልደረባህን «የሜሲ» ለማለት ምን ትላላችሁ በላቸው። «ሜዴን» ነው የሚሉህ። ውሃ «ቬሲ» ነው፤ የውሃ ሲሉ «ቬዴን»። እጅ «ካሲ» ነው፤ የእጅ ሲሉ «ካዴን»። ያቺ «ስ» መጨረሻው ላይ ብቻ የምትለብሰው ልብስ ናት። ሌላ ነገር ስትጨምርበት ድሮ የነበረው «ት» በ«ድ» መልክ ብቅ ይላል።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልጨምር። ዛሬ ሱቅ ገብተህ የማር ማሰሮ ብታነሳ «ሜሲ» ተብሎ አይጻፍበትም። «ሁናያ» ነው የሚለው። «ሜሲ» አሁን በአበባ ውስጥ ላለው ጣፋጭ ፈሳሽ ነው፣ በግጥምና በድብ ስም ውስጥም ቀርቷል። «ሁናያ»ን ደግሞ ከጥንት ጀርመናውያን ወሰዱት፤ የእንግሊዝኛው «ሃኒ» ዘመድ ነው። ሰዎቹ ለአንድ ማር ሁለት ጊዜ ብድር ገብተዋል።

የቻይናው ከዚህ ይብሳል። በዛሬው ሺንጂያንግ፣ በታሪም በረሃ ዳር፣ ቶካርኛ የሚባል ቋንቋ ይነገር ነበር። ጠፍቷል። ብራናና ወረቀቱ የተገኘው ባለፈው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ ነው። ሲነበብ ጊዜ ምሁራኑ ጉድ አሉ፤ ከቻይና አፍንጫ ሥር ያለ የኢንዶ-አውሮፓ ቋንቋ ሆኖ ተገኘ። እዚያ ማር «ሚት» ነው። ቻይናዎች ቃሉን የወሰዱት ከዚህ ቤት ነው ይባላል፤ የጥንት አነጋገራቸው መጨረሻው ላይ «ት» ነበረው። ዛሬ ቤጂንግ ላይ «ት»ው ወድቆ «ሚ» ቀረ። ጃፓኖች ከመውደቁ በፊት ስለወሰዱት «ሚትሱ» ይላሉ። ቬትናሞችም «ማት» ብለው «ት»ዋን አስቀርተዋል። ስለዚህ ቶኪዮ ላይ ማር የሚገዛ ሰው ከጥቁር ባሕር ሜዳ የተነሳ ቃል እየጠራ ነው።

ኪየቭ_የተማርኩ

እኔ የቋንቋ ሰው አይደለሁም፣ መሐንዲስ ነኝ። ግን ስለ ድቡ የምለው አለኝ።

በደርግ ጊዜ ለትምህርት ተልከን ኪየቭ ነበርን። በመጀመሪያው ዓመት ራሽያኛ ብቻ ነው የተማርነው። አስተማሪያችን ሥዕል እያሳየች «ሜድቬድ» አለችን፣ ድብ። «ምዮድ» ማር፣ «ዬድ» መብላት። ማር በላተኛው! ያን ቀን የገባኝ ቃል እስከ ዛሬ አልወጣም።

ከዚያ ቅዳሜ ገበያ ስወጣ አንዲት አሮጊት ለልጅ ልጃቸው የእንጨት ድብ እያሳዩ «ቬድሚድ» ሲሉ ሰማሁ። ተሳስተው መሰለኝ። ለካ ዩክሬንኛ ነው። ቃሉን ገልብጠውታል፤ የፊቱ ወደ ኋላ፣ የኋላው ወደ ፊት። ለአስተማሪያችን ብነግራት ሳቀችና «ድቡ እንዳያውቃቸው ነው» አለችኝ። ቀልዷን ነው።

የራሽያው ሜድቬዴቭም፣ ፕሬዚዳንት የነበረው፣ ስሙ ከዚያው ነው። የድብ ልጅ እንደማለት።

ቃል_ቆፋሪ

ጋሼ፣ ይህን ስላመጡት አመሰግናለሁ። ሕንድም ውስጥ እኮ በሪግ ቬዳ፣ በጥንቱ የመዝሙር መጽሐፋቸው፣ «ማድህቫድ» የሚል ቃል አለ፤ ማር በሊ ማለት ነው፣ በዚያው አሠራር የተሠራ። እዚያ ግን ለድብ ሳይሆን ለወፍ ነው የተባለው።

የድቡ የመጀመሪያ ስም ደግሞ አልጠፋም። ስሙን ያልፈሩት ይዘውት ቀርተዋል። ግሪክ «አርክቶስ»፣ ላቲን «ኡርሱስ»፣ ሳንስክሪት «ርክሻ»። «አርክቲክ» የምንለው የሰሜን ዋልታ ከዚህ ነው የመጣው፤ በሰማይ ላይ ያለው የድብ ኮከብ ያለበት ወገን ማለት ነው። ስላቮቹ ግን ፈሩ፤ ድሮ የነበራቸውን ስም አፍነው «ማር በላተኛው» አሉት። እንግሊዞቹም ፈርተዋል፤ «ቤር» ማለት ቡናማው ማለት ነው የሚሉ ብዙ ናቸው።

ሀበሻ_ይቅደም

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ነገሩ ትንሽ አላማረኝም። ማንም ያልጻፈውን፣ ማንም ያልሰማውን ቃል ኮከብ ለጥፎ እናት ማድረግ ምን ዓይነት ሳይንስ ነው? ግዕዝ በድንጋይ ላይ ተጽፎ አለ። ሜስ አለ። መዓር አለ። ለምን ከዚህ ሄደ አይባልም? ሁልጊዜ የኛ ሲሆን አጋጣሚ፣ የነሱ ሲሆን ሕግ ነው።

ቃል_ቆፋሪ

ወንድሜ፣ ተገቢ ጥያቄ ነው። በሁለት ልመልስ።

ስለ ኮከቧ። እኔም መጀመሪያ እንዳንተ ነበርኩ። ያሳመነኝ አንድ ታሪክ ነው። ፈርዲናንድ ደ ሶሱር የሚባል የጄኔቫ ልጅ ገና በ21 ዓመቱ አንድ ጥናት አወጣ፤ እ.ኤ.አ. 1879 ይላል ሽፋኑ። በጥንቱ ቋንቋ ውስጥ በየትኛውም በሚታወቅ ልጅ ውስጥ ያልቀሩ ድምፆች ነበሩ አለ። አልሰማቸውም፣ አላያቸውም። የአናባቢዎቹ ሒሳብ አልገጥም ሲለው ነው «እዚህ ቦታ የጎደለ ነገር አለ» ያለው። ብዙዎች አልተቀበሉትም። እ.ኤ.አ. በ1915 ህሮዝኒ የሚባል ቼክ በቱርክ አፈር ሥር የተገኘውን የኬጢያውያንን ቋንቋ አነበበ፤ የኢንዶ-አውሮፓ ቋንቋ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1927 ኩሪዎቪች የተባለ ፖላንዳዊ ያንን ጽሑፍ ቢመረምር፣ ሶሱር «ጎድሏል» ካላቸው ቦታዎች ብዙዎቹ ላይ «ኽ» የሚነበብ ፊደል ቁጭ ብሎ አገኘ። ሶሱር ከሞተ 14 ዓመቱ ነበር። ስለዚህ ኮከቧ ግምት ብቻ አይደለችም። ተፈትና አልፋለች።

ስለ ግዕዙ ግን እኔ ባልናገር ይሻላል። መምህር ካሉ ይናገሩ።

የቅኔ_ቤት_ሽማግሌ

ልጆቼ እንደምን አላችሁ። ጽሑፋችሁን በመነጽር እያነበብኩ ነው።

ሜስ በግዕዝ ጠጅ ነው። ትግርኛ ይዞት ቀረ፤ እኛ በአማርኛ ተውነው። ከዐረብ፣ ከዕብራይስጥ ዘንድ ግን የሜስ ወንድም አይገኝም። በአገው ቋንቋዎች ውስጥ ተመሳሳዩ ስላለ ከዚያ የገባ ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ይህ ለእኔ ያሳምነኛል። ማርም ጫካም የነበረው አገው ቤት ነው፤ ጠጅ መጣልን ያስተማረ ስሙንም ያስተምራል። ወደ ሰሜን ባሕር ተሻግሮ ሄደ ለማለት ግን መንገዱን ማሳየት ያስፈልጋል። የቻይናውን ሲነግሩን በመሃል ያለውን አገር አሳዩን። ከአገው እስከ ፊንላንድ በመሃል ያለው ማን ነው?

«ማር»ን በተመለከተ ደግሞ ልብ በሉ። አማርኛው ማር ነው፤ ከላቲኑ የማር ስም «ሜል» ጋር የቀረበ ይመስላል። ወደ ግዕዙ ስንመለስ ግን «መዓር» ነው፣ በዐይኑ ዓ። ዐይኑ በአማርኛ ስለጠፋ ነው ያጠረው። ትግርኛ ዛሬም «መዓር» ብሎ ከጉሮሮው ያወጣዋል። እውነተኛ ዘመዳሞች ወደ ኋላ በሄድን ቁጥር መቀራረብ አለባቸው። እነዚህ ግን ወደ ኋላ ስንሄድ ይራራቃሉ። ስለዚህ ሞክሼ ናቸው እንጂ ዘመድ አይደሉም።

ልጄ ሀበሻ ይቅደም፣ አትከፋ። የራሳችን ያልሆነውን የኛ ብንል የኛ የሆነው አይጨምርም።

ሀበሻ_ይቅደም

መምህር፣ እርስዎ ካሉ ይሁን። ግን የሜስና የሜሲ ነገር አሁንም ያንገበግበኛል።

ቃል_ቆፋሪ

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያችን «ወደ ኋላ ስንሄድ ይራራቃሉ» ያሏትን በየስብሰባው ልጠቀምባት ነው።

ሜስና ሜሲም እዚያው ፈተና ላይ ይወድቃሉ። የፊንላንዱ «ስ» ከ«ት» የመጣች ናት አልን። የግዕዙ «ስ» እንደዚያ ሆነች የሚል ሕግ የለንም። መልካቸው የገጠመው ፊንላንድኛ ልብሱን ከቀየረ በኋላ ነው።

ፋርማሲስቷ

መምህር አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በዮሐንስ ራእይ 21፥20 ላይ ከከበሩት ድንጋዮች አሥራ ሁለተኛው «አሜቴስጢኖስ» ነው አይደል? ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ድንጋይ። በግሪክ «አ» አፍራሽ ናት፤ «ሜትሁ» ቅድም ቃል ቆፋሪ ያለው ወይን ነው። የማያሰክር፣ ስካር የማያስነካ ማለት ነው። ግሪኮች ይህን ድንጋይ የያዘ ሰው አይሰክርም ብለው ያምኑ ነበር። ስለዚህ *ሜድሁ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ሲነበብ ኖሯል ማለት ነው። በዜማ ሁሉ!

በኔ ሙያም አለ። ሜታኖል። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ሁለት ፈረንሳዮች፣ ዱማና ፔሊጎ፣ ከእንጨት የሚወጣውን አልኮል ሲያጠኑ «ሜትሁ» ወይንን እና «ሁሌ» እንጨትን አጣብቀው «ሜቲሌን» የሚል ስም አወጡ። የእንጨት ወይን። ሜታኖልም ሚቴን ጋዝም ከዚያ የተቀዱ ናቸው። ስሙ ማር ነው፣ ሥራው ግን ዓይን ማጥፋት። ሰውነት ውስጥ ወደ ፎርሚክ አሲድ ይለወጥና የዓይንን ነርቭ ይጎዳል። ምንጩ የማይታወቅ አረቄ አትጠጡ፣ እግረ መንገዴን።

አንድ ልጨምርና ልሂድ፣ ደንበኛ እየጠበቀኝ ነው። ስኳር በሽታን የሕንድ የጥንት ሐኪሞች «ማድሁሜሃ» ይሉት ነበር፤ የማር ሽንት። ዛሬም በሂንዲ «ማድሁሜህ» ነው። እኛ ካርድ ላይ የምንጽፈው ደግሞ «ዳያቢቲስ ሜሊተስ» ነው። «ሜሊተስ» በላቲን ማር ያለበት ማለት ነው። ይሄ «ሜል» ያው ቃል ነው ወይስ ሌላ?

ጉሽ_ይሻላል

አሜቴስጢኖስ የት ነው የሚሸጠው? ለራሴ አይደለም፣ ለጓደኛዬ ነው።

ቃል_ቆፋሪ

ፋርማሲስቷ፣ «አስታውሱኝ» ያልኩትን አስታወስሽኝ። ሌላ ቃል ነው። ጥንታውያኑ ለማር ሁለት ቃል ነበራቸው። አንዱ *ሜድሁ፣ ሌላው *ሜሊት። ከሁለተኛው የግሪክ «ሜሊ»፣ የላቲን «ሜል»፣ የኬጢያውያን «ሚሊት»፣ የአልባንያ «ምያልት» ወጡ። ሜሊሳ የሚባለው የሴት ስምም ከዚህ ነው፤ በግሪክ ንብ ማለት ነው። ላቲን *ሜድሁን ጭራሽ ጣለው። እንግሊዝኛ ደግሞ ተቃራኒውን አደረገ፤ «ሜል»ን ጣለ፤ «ሚልዱ» በሚለው የሻጋታ ስም ውስጥ ብቻ ቀርቷል፣ ድሮ የማር ጤዛ ማለት ነበር።

ያንን በሽታ እንግዲህ ሕንዱ በአንደኛው የማር ቃል፣ አውሮፓው በሁለተኛው ሰየመው።

ካርዲፍ_የምኖር

እኔም የድርሻዬን ላዋጣ። እዚህ ዌልስ ውስጥ የማር ጠጅ «ሜዝ» ነው፤ «ዝ»ዋን ምላስ ጥርስ መሃል አድርጎ። የሰከረ ሰው «ሜዙ» ነው፣ ከዚያው። ከቅመማ ቅመም ጋር የሚጠመቅ የማር መጠጥ ደግሞ «ሜቴግሊን» ይባላል። ግሪኩ «ሜትሁ» ቁጭ ብሏል እኮ ውስጡ! ይህም የ*ሜድሁ ልጅ ነው አይደል?

ቃል_ቆፋሪ

«ሜዝ»ና «ሜዙ» ልክ ነህ። «ሜቴግሊን» ላይ ግን ወጥመዱ ውስጥ ገባህ። እኔም ለዓመታት እንዳንተ ነበር የማስበው። ቃሉ በዌልስኛ «ሜዚግሊን» ነው። «ሜዚግ» ሐኪም ነው፣ ከላቲኑ «ሜዲኩስ» የተወሰደ። «ሊን» ፈሳሽ ነው። የሐኪም መጠጥ፣ መድኃኒት እንደማለት። ጠርሙሱ ውስጥ ማር አለ፤ ስሙ ውስጥ የለም።

የአይርላንዷ የጥንት ታሪክ ንግሥት ሜዝቭ ግን ከዚህ ቤት ናት። ስሟ አስካሪዋ ማለት ነው።

ቦሌ_ሚካኤል

እናንተ እስከ ቻይና ሄዳችሁ፤ እኔ ቁርስ ላይ ነኝ። ዳቦዬ ላይ ማርማላታ እየቀባሁ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ማርማላታ ከ«ማር» የመጣ ይመስለኝ ነበር። ማር የመሰለ ነገር፣ ማር-ማላታ። እናቴም እንደዚያ ነበር የምትለኝ። ትምህርት ቤት አንድ አስተማሪ ሰው ፊት «የጣሊያን ቃል ነው፣ ከማር ጋር አይገናኝም» ብሎ አሳቀብኝ። ፍረዱኝ።

ቃል_ቆፋሪ

ቦሌ! ይሄን ማን ላከህ?

አስተማሪህ ግማሹን ነው ያወቀው። ከጣሊያን መምጣቱ እውነት ነው፣ «ማርሜላታ»። ግን ወደ ኋላ ተከተለኝ። ጣሊያኑም ሌላውም ያገኙት ከፖርቱጋል ነው፣ «ማርሜላዳ»። እሱ «ማርሜሎ» ከሚባል ፍሬ የሚሠራ ነበር፤ ጠንካራ፣ ጎምዛዛ፣ ቢጫ ፍሬ፣ የፖም ዘመድ። ያ የፍሬ ስም ከላቲን «ሜሊሜሉም» መጣ። ላቲኑ ከግሪክ «ሜሊሜሎን»። በግሪክ ግልጽ ነው፦ «ሜሊ» ማር፣ «ሜሎን» ፖም። የማር ፖም። ፖርቱጋሎቹ ሁለት «ል» በአንድ ቃል ሲደጋገምባቸው የፊተኛውን ወደ «ር» ለወጡት። «ሜል» የነበረው «ማር» ሆነ።

ስለዚህ ማርማላታ ውስጥ ያለው «ማር» እውነትም ማር ነው። እናትህ አልተሳሳቱም። ግን የኛ ማር አይደለም፤ የግሪኮቹ ነው። የኛ «ማር» ዐይኑን ጥሎ፣ የነሱ «ሜል» ልሳኑን አዙሮ፣ ዳቦህ ላይ ተገናኙ።

ቦሌ_ሚካኤል

አስተማሪውን አሁን የት ላግኘው?

ፋርማሲስቷ

ሞላሰስስ? የስኳር ፋብሪካው ተረፈ ምርት፣ ለከብት መኖ የሚሆነው።

ቃል_ቆፋሪ

እሱም ከ«ሜል» ነው፤ በላቲን ማር የሚመስል ማለት ነበር፣ በፖርቱጋል በኩል የመጣ። ከብቶቹም አልቀሩም።

የቅኔ_ቤት_ሽማግሌ

ይህስ ሰምና ወርቅ ነው። ማርማላታን ላየው ሰው ሰሙ ማር ነው። ጠልቆ ሲፈታው ወርቁም ማር ሆኖ ተገኘ። በቅኔ ቤት እንዲህ ያለ ሲመጣ ጎሽ እንላለን።

ሄልሲንኪ_ብርዱ

ከሁለት ቀን በኋላ ተመልሻለሁ። ፈተናውን ፈተንኩት።

ዛሬ በእረፍት ሰዓት ባልደረባዬን ምንም ሳላስረዳ «የሜሲ ለማለት ምን ትላላችሁ?» አልኳቸው። አላሰቡም። ኬኩን እያኘኩ «ሜዴን» አሉ። የ«ካሲ»ንም ጠየቅኳቸው። «ካዴን»። ከዚያ ማኘካቸውን አቁመው አዩኝ። «40 ዓመት ሙሉ ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አሉ። የቻይናውን፣ የጃፓኑን፣ የራሽያውን ድብ ነገርኳቸው። ራሽያዎች ድቡን በዚያው ቃል እንደሚጠሩት ሲሰሙ ትንሽ ቅር ያላቸው መሰለኝ።

ጎረቤቴም በትንሽ ጠርሙስ ሜስ ሰጥታኝ ነበር። ከሥራ ስንወጣ ለሰውዬው ሰጠኋቸው። «ስሙ ሜስ ነው፣ ግን ዘመዳችሁ አይደለም» አልኳቸው። መኪናቸው ውስጥ አስቀመጡት፣ እየነዱ አይጠጡም።

ከዚያ መስኮቱን ዝቅ አድርገው «እናንተስ ድብን ምን ትሉታላችሁ?» አሉኝ። ድብ የለንም አልኳቸው። «ታዲያ በጨለማ ስሙን የምትፈሩት ማንን ነው?» አሉ። ትንሽ አሰብኩና «አያ ጅቦ» አልኳቸው። አያ ለታላቅ ወንድም የሚባል እንደሆነም ነገርኳቸው።

«ማር ይበላል?» አሉኝ።

«የማይበላው የለም» አልኳቸው።

ጉሽ_ይሻላል

ጠርሙሱን ሙሉውን ሰጠሃቸው?